ከኮስ ወደ ፍጥሞ ደሴት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ እናቴን ይዤ ልሂድ?

የጣና_ልጅ | ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። እናቴ በሐምሌ ከባሕር ዳር ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ዕድሜዋ 67 ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። ቪዛው ገና ሳይወጣ በስልክ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመጣሁ አይቀር ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ አሳዪኝ» አለችኝ።

ፍጥሞ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከዚህ በርካሽ የሚገኘው በረራ ወደ ሌላዋ የግሪክ ደሴት ወደ ኮስ ነው። ስለዚህ በነሐሴ መጀመሪያ ኮስ ላይ አምስት ቀን እንቆይና በመጨረሻው ቀን በመርከብ ፍጥሞን አይተን ማታ እንመለሳለን፤ በማግስቱ ጠዋት በረራ አለን። ካርታው ላይ ሁለቱ ደሴቶች ቅርብ ናቸው። በዚህ መንገድ የሄደ አለ? ባሕሩስ እንዴት ነው? እናቴ የምታውቀው ጣናን ነው። ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ እየተመላለሰች ያደገች ናት።

ከፒሬዎስ | ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 5፡15

እኅቴ፣ ከዕቅድሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ «በመጨረሻው ቀን» የሚለው ነው። እባክሽ ይህን ቀይሪ።

እዚህ ግሪክ አገር ስኖር 22 ዓመቴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሠራሁትም ወደብ አካባቢ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ አለ፤ ሜልቴሚ ይሉታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እየወጣች፣ አንዲት ደመና ሳትኖር ይነሣል። ለዚህ ነው እንግዳ ሰው የሚታለለው፤ ዝናብ ስለሌለ ባሕሩ ሰላም ነው ብሎ ያስባል። ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ለቀናትም ሳያቋርጥ ሊነፍስ ይችላል።

ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ የወደብ ባለሥልጣኑ መርከቦች እንዳይወጡ ያግዳል። በግሪክኛ «አፓጎሬፍቲኮ» ይባላል፤ ይህን ቃል ያዢው፣ ወደቡ ላይ ሁሉም ሰው የሚጠራው እርሱን ነው። ነፋሱ የሚለካው ቦፎርት በሚባል የነፋስ መለኪያ ነው። 7 ማለት በሰዓት ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነው። መጀመሪያ የሚታገዱት ትንንሾቹ የሽርሽር ጀልባዎች ናቸው፣ ቀጥሎ ካታማራን የሚባሉት ባለ ሁለት ቀፎ ፈጣን መርከቦች፣ በመጨረሻ ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ የሚነሡት መኪና ጫኝ ትልልቅ መርከቦች። አንቺ የምትሄጂው በካታማራን ነው። እንግዲህ ጠዋት በሰላም ፍጥሞ ደርሳችሁ ማታ መመለሻው ቢታገድስ? በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑ ያለ እናንተ ይበራል።

ካርታውንም አትመኚው። ከኮስ ወደ ፍጥሞ ፈጣኑ መርከብ በየመንገዱ ካሊምኖስን፣ ሌሮስን፣ ሊፕሲን ስለሚነካ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ፍጥሞ ከኮስ በስተ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነች ስትሄጂ ነፋሱን በፊት ለፊት ትገጥሚዋለሽ፤ ስትመለሺ ከኋላ እየገፋ ያመጣሽና ጉዞው ይለሰልሳል። ስለዚህ እናትሽ ጠዋት ቢንገላቱ መመለሻውም እንዲሁ ነው ብለው አይጨነቁ።

የጣና_ልጅ | ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 1፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ባላነብ ኖሮ ትኬቱን ዛሬ እገዛው ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ጉዞው በነፋስ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል?

ከፒሬዎስ | ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 2፡30

የትኬቱ ይመለሳል፤ ወይም በሌላ ቀን ትሄጃለሽ፣ ምርጫው የአንቺ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመርከብ ተሳፋሪዎች ደንብ እንዲህ ይላል። ነገር ግን ምክንያቱ የአየር ጠባይ ከሆነ የሆቴል ወጪም ሆነ ካሣ አይከፍሉሽም። ሳይታሰብ ለሚያድሩባት ሌሊት የሚሆን ገንዘብና የእናትሽን መድኃኒት በቦርሳሽ ያዢ።

ስለ ሰዓት ደግሞ፤ በአውሮፓ በጋ፣ ማለት በእኛ ክረምት፣ የግሪክና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው። እናትሽ የእጅ ሰዓታቸውን ከባሕር ዳር እንዳመጡት ይተዉት። ትኬቱ 08፡30 ሲል የእርሳቸው ሰዓት 2፡30 ነው። ከጀርመን ጋር ግን የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ፤ ስልክሽ ካልተስተካከለ መርከቡ ጥሎሽ ይሄዳል።

ወለተ_ሥላሴ_ስቶክሆልም | ሰኔ 10፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ ፍጥሞን አላየሁም፤ ሄጄ የነበረው ከሮድስ ደሴት ወደ ሲሚ ደሴት ነው፤ ያውም በአንድ ቀን። ጉልበት ለሚያማቸው እናት ይህም ይታሰብበት። ጀልባዎቹ ከሮድስ ማንድራኪ ወደብ ጠዋት ይነሣሉ። ብዙዎቹ ፓኖርሚቲስ በሚባለው የቅዱስ ሚካኤል ገዳም ይቆማሉ፤ ገዳሙ ከባሕሩ ዳር ስለሆነ ከጀልባው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ነው፣ ዳገት የለውም። የመርከበኞች ጠባቂ እርሱ ነው ይላሉ። ከሩቅ አገር በጠርሙስ ውስጥ ጸሎት ጽፈው ባሕር ላይ የጣሉት ሁሉ እዚህ እየደረሰ እንደሚገኝ ይነግሩሻል፤ ጠርሙሶቹንም በሙዚየማቸው አሳይተውኛል። እኔ ለሚካኤል የተሳልሁት ስለነበረኝ ቆሜ አለቀስሁ።

አሁን ስለ ጾሙ። ነሐሴ መጀመሪያ ለእኛ ፍልሰታ ናት። ግሪኮችም ይጾማሉ፤ ነገር ግን እነርሱ በኦገስት 1 ጀምረው በ15 በዓሉን ያከብራሉ፣ የእኛው ገና ነሐሴ 16 ነው፣ በፈረንጅ 22። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ደሴቱ ሁሉ ሥጋ እየጠበሰ እናትሽ ጾም ላይ ናቸው። ምግብ ቤት ስትገቡ «ኒስቲሲሞ» በዪ፤ የጾም ማለት ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ ለእነርሱ ስምንት እግሩ የባሕር እንስሳና ዛጎል የጾም ምግብ ነው። ፋቫ የሚሉት ከቢጫ አተር ክክ የሚሠራ ነው፣ ወይራ ዘይትና ቀይ ሽንኩርት ይደረግበታል፤ ሽሮ ለለመደ ሰው አያስቸግርም። ሆርታ ማለት ደግሞ የተቀቀለ ቅጠል ነው፣ ከጎመናችን እምብዛም አይርቅም።

ብራና | ሰኔ 10፣ ከምሽቱ 2፡00

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የጥንት መጻሕፍት ሥራዬ ስለሆኑ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም። ዋሻውን አይታችሁ ላይኛውን ገዳም ሳታዩ እንዳትመለሱ። ዋሻው ከወደቡ ከስካላ ወደ ላይኛዋ ከተማ ወደ ሖራ በሚያወጣው መንገድ መካከል ላይ ነው፤ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ደግሞ ከሖራ አናት እንደ ምሽግ ተቀምጧል። መነኩሴው ክሪስቶዱሎስ እ.ኤ.አ. በ1088 ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን በስጦታ ተቀብሎ የመሠረተው ነው። ዋሻው፣ ገዳሙና ሖራ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በገዳሙ ዕቃ ቤት ውስጥ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል 33 ቅጠል አለ። የዚያው መጽሐፍ ሌሎች ቅጠሎች በየአገሩ ተበትነው ይገኛሉ። ዘጌ እየተመላለሱ ያደጉ እናት ብራና ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። ደግሞም ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም፤ የፍጥሞ ገዳም ግን ለሴቶችም ክፍት ነው።

ተጓዥ_ቪየና | ሰኔ 10፣ ከምሽቱ 4፡45

ከሁላችሁም ልለይ ነው። አንድ ቀን አይበቃም! ሁለት ሰዓት ተኩል ሄዶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ተመልሶ፣ በመካከል ከሌሎች መንገደኞች ጋር ታክሲ እየተሻሙ ዋሻውን በሃያ ደቂቃ ማየት ለእኔ መሳለም አይደለም። የቀን ጎብኚዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፣ በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ። እኔ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ማታ መርከቦቹ ከሄዱ በኋላ በስካላ የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር። ንጋት ላይ ከስካላ ተነሥቼ በድሮው የድንጋይ መንገድ ወደ ዋሻው ስወጣ ማንንም አላገኘሁም። እናትሽ ከዚህ ዓለም ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ መርጠው ሳለ ለምን በጥድፊያ ይሆናል?

ከፒሬዎስ | ሰኔ 10፣ ከምሽቱ 5፡10

ማደሩ እንደሚሻል አልክድም። ነገር ግን ነሐሴ ላይ በፍጥሞ አልጋ እንደ ወርቅ ነው፤ ለሁለት ሰው ኮስም ፍጥሞም መክፈል ለሁሉም አይቻልም። የአንድ ቀን ጉዞም በአግባቡ ከተያዘ ይበቃል። ከመርከብ እንደወረዱ ወደ ካፌ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ታክሲው፤ ገዳሙ ከቀትር በኋላ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ መጀመሪያ ሖራ፣ ከዚያ ቁልቁል ዋሻው፣ ምሳ መጨረሻ ላይ። ሰው ሁሉ ይህን ገልብጦ ይሠራና በር ተዘግቶ ይመለሳል።

መንገደኛ_ዩትሬክት | ሰኔ 11፣ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ ወረቀት ማንም ስላላነሣ ልጻፍ።

እኔ እነዚህን ደሴቶች የማውቃቸው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቱርክ ወደ ሳሞስ የተሻገርሁት በላስቲክ ጀልባ ነው፣ በሌሊት። በካርታ ላይ በሳሞስና በቱርክ መካከል ያለው ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያች ሌሊት ግን ማለቂያ አልነበረውም። አጠገቤ የነበረች ሴት ልጇን በነጠላ ከሆዷ ጋር አስራ መዝሙረ ዳዊት ትደግም ነበር፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ደረስን። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ይህን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። በኮስ፣ በሌሮስ፣ በሳሞስ የስደተኞች ማዕከላት አሉ፤ ስለዚህ በወደቦቹ ላይ ፊታችንን አይተው ወረቀት ይጠይቃሉ። ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት በአንድ ደሴት ወደብ ላይ የመኖሪያ ፈቃዱን ሆቴል ትቶ በመውጣቱ ሁለት ሰዓት አቆይተውት መርከቡ አመለጠው፤ ከእርሱ ጋር የነበሩትን ጀርመኖች ማንም አልጠየቃቸውም። ተናደደ፣ እኔም ስሰማው ተናደድሁ። አንቺ የመኖሪያ ፈቃድሽንና ፓስፖርትሽን፣ እናትሽም ፓስፖርታቸውን ዋናውን ይያዙ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ሌላም አለ። ኮስ ወደብ ላይ «ቦድሩም፣ ደርሶ መልስ» እያሉ የሚጠሩ አሉ። ቦድሩም ቱርክ ናት፣ በአንድ ቪዛ ከሚኬድባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከሼንገን ውጭ። የእናትሽ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ወጥተው መመለስ አይችሉም። ቅርብ ናት ብለሽ እንዳትሞክሪው።

የጣና_ልጅ | ሰኔ 11፣ ከቀኑ 6፡30

መንገደኛ ወንድሜ፣ አንብቤ ሥራ ላይ ሆኜ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ቪዛዋ የአንድ ጊዜ መግቢያ እንደሚሆን የተነገረን ነው፤ የቦድሩሙን ደግሞ በእርግጥ አስቤው ነበር። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የአርበኛ_ልጅ | ሰኔ 12፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ ዕድሜዬ ከእናትሽ ይበልጣል። መርከቡ ሌሮስ ሲደርስ ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። እነዚህን ደሴቶች ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ይዟቸው ነበር፤ ሌሮስ የባሕር ኃይሉ ጦር ሰፈር ነበረች። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመንም እንዲሁ ነበረች። ኦገስት 15 ቀን 1940፣ ግሪክና ጣሊያን ገና ጦርነት ሳይገቡ፣ ኤሊ የምትባለው የግሪክ የጦር መርከብ ለእመቤታችን በዓል በቲኖስ ደሴት መልሕቅ ጥላ ቆማ ሳለ ከሌሮስ የተነሣ የጣሊያን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ አሰጠማት። ሕዝቡ ለሥዕሏ ተሰልፎ በነበረበት ሰዓት። ከስምንት ወር ከሃያ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። አባቴ የግሪኮቹን ነገር በሬዲዮ የሰማው ሰው ነግሮት እስከ ሞተበት ቀን ያነሣው ነበር።

ወለተ_ሥላሴ_ስቶክሆልም | ሰኔ 12፣ ከምሽቱ 3፡30

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

እኅቴ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን ወደ መስከረም አታዛውሩትም? ጾሙ ያልፋል፣ ነፋሱ ይቀንሳል፣ መርከቦቹ ገና አልቆሙም፣ አልጋውም ይረክሳል። ግሪኮች የዮሐንስን ዕረፍት የሚያከብሩት ሴፕቴምበር 26 ነው፤ ለእኛ መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት። በዕለቱ ግን ደሴቷ በሰው ትሞላለች፣ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

የጣና_ልጅ | ሰኔ 13፣ ከጠዋቱ 2፡10

የእናቴ ቪዛ ለ90 ቀን ስለሚሆን ይቻላል። ዛሬ ማታ ደውዬ እጠይቃታለሁ።

የጣና_ልጅ | መስከረም 20፣ ከምሽቱ 4፡00

ተመለስን፤ ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

ኮስ የገባነው መስከረም 8 ነው። እናቴ ስሟን ስትሰማ «ጳውሎስ ያለፈባት ቆስ ናታ!» አለች። ሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ከቆስ በማግስቱ ወደ ሩድ፣ ወደ ዛሬዋ ሮድስ፣ እንደሄዱ ተጽፏል፤ እርሷ በቃሏ ታውቀዋለች፣ እኔ አላውቀውም ነበር።

ትኬት የቆረጥሁት ለመስከረም 10 ነበር። ጠዋት ወደቡ ስንደርስ ሰዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ «አፓጎሬፍቲኮ» የሚለውን ቃል ከሦስት ሰው አፍ ሰማሁ። ሰማዩ እንደ ተባለው ጥርት ያለ ነበር። በሰኔ ያሰብሁት ዕቅድ ቢሆን ኖሮ ፍጥሞ በዚያው ቀርታ ነበር። ትኬቱን ወደ መስከረም 12 አዞሩልኝ፣ ምንም አልጨመርሁም።

መስከረም 12 ሄድን። ከመርከቡ መካከል፣ ከታችኛው ወለል ተቀመጥን፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከአንድ ሰዓት በፊት ወስዳለች። ከካሊምኖስ እስከ ሌሮስ መርከቡ እየተነሣ ሲወድቅ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስለ ሌሮስ የአርበኛ ልጅ አባታችን የጻፉትን ሳነብላት ዓይኗን ገለጠችና በመስኮት አየች። «እዚህም ነበሩ?» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

በታክሲ በቀጥታ ሖራ ወጣን። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ገዳሙ በር ያለው ዳገት ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ለጉልበቷ ከበዳት፣ አራት ጊዜ አረፍን። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ እርሷ በሐበሻ ቀሚስ ስለነበረች ለእርሷ አላስፈለገም፤ ለእኔ ግን በር ላይ ሽርጥ ሰጡኝ። ብራና ሆይ፣ ሐምራዊውን ብራና አየን። ፊቷን መስታወቱ ላይ አስጠግታ ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ «ፍየል ነው በግ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያውቅ ካለ ይመልስልኝ፤ እኔ አልቻልሁም።

ዋሻው በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ጠባቂው እንደማያስፈልግ በእጁ ምልክት ነገራት። እናቴ በአማርኛ «ልጄ፣ የቆመበት ነው» አለችውና በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች፤ እኔም አወለቅሁ። ጣራው ዝቅ ያለ ነው። አለቱ በሦስት ስንጥቅ ተከፍሏል፣ በሥላሴ ምሳሌ ድምፁ የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ። ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት የሚባለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ዙሪያው በብር ተለብጧል። ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም፣ ስለዚህ የማሳያችሁ የለኝም። የግሪክ ሴቶች ከቀኝ ወደ ግራ ሲያማትቡ አይታ በኋላ ጠየቀችኝ። ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ «ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበርሁ» የሚለውን ደጋግማ አለችው፤ ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ዝም ብለው ጠበቁ። ተጓዥ ቪየና እንደ ፈራው አልሆነም፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆየን፣ ማንም አላስወጣንም። ግን እውነትህን ነው፣ ስንወጣ እርሷ ለመሄድ አልፈለገችም።

ምሳ ፋቫና ሆርታ በላን። ዕለቱ ሰኞ ስለሆነ ጾም አልነበረም፤ እርሷ ግን በዚህ ቀን ሥጋ አልበላም አለች። መመለሻው ለስላሳ ነበር፣ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ከፒሬዎስ | መስከረም 20፣ ከምሽቱ 4፡50

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። የሁለቱ ቀን መጠባበቂያ ባይኖር ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናነበው።

መንገደኛ_ዩትሬክት | መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሌሊቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ወንድሜ ከፒሬዎስ፣ ልጠይቅህ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የት እንደደረስሁ ታውቃለች፣ ቦታውን ማየት ትፈልጋለች። ከሳሞስ ወደ ፍጥሞ የቀን ጉዞ አለ?

ከፒሬዎስ | መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 2፡00

አለ፣ በበጋ። ከፒታጎሪዮ ወደብ ጠዋት ይነሣል፣ ከቀትር በኋላ ይመለሳል፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ብትመጡ ሜልቴሚ ገና አልበረታም። ወሽመጡ ከወደቡ በስተ ምሥራቅ ነው፤ ጀልባው ግን የሚሄደው ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከኋላ በኩል ከተቀመጣችሁ እየራቀ ሲሄድ ታሳያታለህ። ቀኑን ስትቆርጥ ጻፍልኝ፣ ትኬቱን እኔ አጣራልሃለሁ።